ደላላውን ሳናባርር ቤቱን ያስመለስነው እንዴት ነው

ሲትኮም፣ ማለትም በተከታታይ የሚተላለፍ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ፣ የሚጽፉ ልጆች አንድ ነገር ደጋግመው ይጠይቁኛል። «አንዱ ገጸ ባሕርይ ሌሎቹን ሁሉ ሲውጥብን ምን እናድርግ?» ይሉኛል። ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ተዉት፣ ሕዝቡ የሚወደው እሱን ነው» የሚል ነው። ሌላው «ቀንሱት፣ ካልሆነም ክፍለ ሀገር ላኩት» የሚል ነው። እኔ በሁለቱም አላምንም። እኛ ምን እንዳደረግን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

የድራማውን ስም አልጠራም፣ የብዙ ሰው እንጀራ ነው። ታሪኩ ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ካሉት የድሮ ግቢዎች በአንዱ ውስጥ ነው። የቤቱ ባለቤት ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ልጃቸው የሒሳብ መምህር ነው። አንዷ ተከራይ ነርስ ናት። በሩ ላይ ትንሽ ሱቅ አለች። የባላቸው ወንድም የቤቱ ድርሻ ይገባኛል ብሎ ከሷቸዋል። ለጠበቃ ገንዘብ ያስፈልጋቸዋል፣ ለገንዘብ ደግሞ ተከራይ ያስፈልጋቸዋል፣ ባዶ ያለችው ክፍል ግን ባላቸው ልብስ ሲሰፉባት የኖሩባት ክፍል ናት፣ እሷን ማከራየት ደግሞ አንጀታቸው አልቻለም። ድራማው ሲጀመር ሳቁም እንባውም የሚመጣው ከዚህች ክፍል ነበር።

ደላላው የተጻፈው ለአንድ ትዕይንት ነበር። ተከራይ ይዞ ይመጣል፣ እትዬ ያባርሩታል፣ በሩ ፊቱ ላይ ሲዘጋ «ኮሚሽኔስ?» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ተዋናዩ ግን ያቺን ቃል ሲላት ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሌላ ነው፤ ከልቡ የተበደለ፣ አገር የሚያውቅለት ሰው ነበር የሚመስለው። ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ያዘው። ብዙም ሳይቆይ ከስታዲየም ፒያሳ የሚጭኑ ረዳቶች ሒሳብ ሲሰበስቡ «ኮሚሽኔስ?» ማለት ጀመሩ። ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ ስታዙ አስተናጋጁ ይላታል። ቅንጭቡ ቲክቶክ ላይ እንደ ጉድ ዞረ። እንዲህ ያለ ነገር ለአንድ ድራማ በረከት ነው፣ በዕድሜ አንዴ ከመጣ ነው፣ ይህን ማንም እንዲያቃልለው አልፈልግም።

እኔ ዋና ጸሐፊ ሆኜ የተጠራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ድራማው መሮጥ ከጀመረ ቆይቷል። በዚያን ጊዜ ደላላው የማይገባበት ጉዳይ አልነበረም። ለመምህሩ ሚስት የሚፈልገው እሱ፣ ፍርድ ቤት ምስክር የሚሆነው እሱ፣ ነርሷ የምትታመመው እሱ ሐኪም መስሎ እንዲገባ። የሰፈሩ እድር ስብሰባ እንኳ የሚመራው እሱ ሆኗል። ሰው አሁንም ያየው ነበር። ግን ካፌ ውስጥ ጆሮዬን ጣል ሳደርግ ወሬው ተቀይሯል። «አሁንስ እጅ እጅ አለ» ይላሉ። ይህችን አባባል የጻፈ ሰው ሁሉ መፍራት አለበት። «አያስቅም» ቢሉ ይሻላል፣ ቀልዱን ትቀይራለህ። «እጅ እጅ አለ» ማለት ግን ሰውዬውን ሰለቸነው ማለት ነው፣ ያን ደግሞ በአዲስ ቀልድ አታድነውም።

የጽሑፍ ቡድናችን የሚገናኘው ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ባለ አንድ የቆየ ሕንጻ ላይ ነበር። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ቀላል ነው። በቅርብ የተቀረጹትን ስክሪፕቶች አወጣሁና የደላላውን ንግግር በሙሉ በእርሳስ ሰረዝሁ። ከዚያ የቀረውን ጮክ ብዬ ለቡድኑ አነበብሁላቸው። የቀረው ምን መሰላችሁ? «አይ አንተ!» «ውይ ጉዴ!» «ደግሞ ዛሬ ምን ይዘህ መጣህ?» «ኧረ በማርያም!» ይኸው ነው። እትዬ፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አፍ ሆነዋል፣ የእትዬን ንግግር ለነርሷ ብትሰጡት ማንም አያውቅባችሁም። ክፍሉ ውስጥ ዝም ተባለ። ከዚያ በኋላ ስለ ችግሩ ብዙ መከራከር አላስፈለገንም። ይህን ሙከራ ለማንም ጸሐፊ እመክራለሁ። ተወዳጁን ሰው አውጥታችሁ የቀሩት ሰዎች የሚያወሩት ነገር ካላቸው ድራማችሁ ጤነኛ ነው።

ፕሮዲዩሰሩን ማሳመን ግን ሌላ ነገር ነው። የኛ ፕሮዲዩሰር የአሜሪካ ሲትኮም አሳድዶ የሚያይ ሰው ነው። «ሃፒ ዴይስን ሰማይ ያወጣው ፎንዚ አይደለም እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ድራማው እ.ኤ.አ. በጥር 1974 በኤቢሲ ቴሌቪዥን ሲጀምር ታሪኩ የሪቺ ነበር፣ ሮን ሃዋርድ የሚጫወተው ጨዋ የሰፈር ልጅ። የሄንሪ ዊንክለሩ ፎንዚ ጎን ላይ የቆመ ሰው ነበር፣ ጣቢያው እንኳ የቆዳ ጃኬቱ ወሮበላ ያስመስለዋል ብሎ ፈርቶ መጀመሪያ ላይ ሞተር ሳይክሉ አጠገብ ካልሆነ እንዳይለብስ ከልክሎ ነበር። ሕዝቡ ግን ፎንዚን መረጠ። በ1976 እና 77 የውድድር ዘመን ሃፒ ዴይስ በአሜሪካ ተመልካች በማግኘት አንደኛ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ከፕሮዲዩሰሩ ጋር እስማማለሁ።

የማልስማማው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ጣቢያው የድራማውን ስም ራሱ በፎንዚ ስም ሊለውጥ ፈለገ፣ ሃዋርድ ተቃወመ፣ ስሙም ሳይለወጥ ቀረ። በ1977 ፎንዚ ውሃ ላይ እየተንሸራተተ በሻርክ ላይ ዘለለ። በ1980 ሃዋርድ ለቀቀ። ድራማው እስከ 1984 ቆይቷል፣ መቆየቱን አልክድም። ግን አስቡት፤ የሙዚቃ ሳጥኑን በክንዱ መታ አድርጎ የሚያስነሳ፣ ሴት ሁሉ በጣቱ ድምፅ የምትመጣለት ሰው ምን ችግር ይገጥመዋል? የማይሸነፍ ሰው ሆኗል። የማይሸነፍን ሰው ደግሞ ከባሕር አውሬ ጋር ከማጋጠም ሌላ ምን ታደርገዋለህ? ደላላችን ወደዚያው እየሄደ ነበር። መጀመሪያ ያሳቀን በር ሲዘጋበት ነው። አሁን ሁሉም በር ይከፈትለታል።

ፕሮዲዩሰሩ አልተረታም። «ኧርክልስ?» አለ። የኧርክል ታሪክ ግን ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ፋሚሊ ማተርስ በ1989 ሲጀምር የተሠራው ለሃሪየት ነበር፤ ሌላ ሲትኮም ውስጥ የአሳንሰር ሠራተኛ ሆና የተወደደች ሴት ናት፣ ለእሷና ለቤተሰቧ የራሳቸው ድራማ ተሠራላቸው። ኧርክል የታሰበው ለአንድ ክፍል እንግዳ እንዲሆን ነው፣ ልክ እንደኛ ደላላ። ከዚያ ይህ የጎረቤት ልጅ ድራማውን ሁሉ ወረሰ። የቤቱ ትንሿ ልጅ ጁዲ አንድም ሰው ሳይጠይቅላት ከድራማው ጠፋች። እናቲቱን ሃሪየትን የተጫወተችው ጆ ማሪ ፔይተን ድራማው በ1998 ከማለቁ በፊት ወጣች። ድራማው የተሠራላት ሴት ማለት ናት!

ከሁሉ የሚያመኝ ግን ጉድ ታይምስ ነው። ያም በ1974 የጀመረ ነው፣ ቺካጎ ውስጥ በመንግሥት የኪራይ ሕንጻ ስለሚኖር ድሃ ጥቁር ቤተሰብ። እናቲቱን የተጫወተችው ኤስተር ሮል ቤቱ አባት ይኑረው ብላ የጠየቀች ሴት ናት፤ ድህነትን ብቻ ሳይሆን የቆመ ቤተሰብ ማሳየት ፈልጋለች። አባትየውን ጆን ኤሞስ ተጫወተ። ትልቁ ልጅ ጄጄ «ዳይኖማይት!» ሲል አገር ሳቀ፣ ድራማውም ቀስ በቀስ ወደ እሱ አዘነበለ። ሁለቱም ተዋንያን ተቃወሙ። በ1976 ኤሞስ ተሰናበተ፣ አባትየው በመኪና አደጋ ሞተ ተባለ። በዓመቱ ሮል ራሷ ለቀቀች፣ የተመለሰችው በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ያ ሁሉ የተጠየቀለት አባት የሄደው እንዲህ ነው።

ይህን ስነግረው ፕሮዲዩሰሩ ዝም አለ። ዝም ያለበት ምክንያት ነበረው። የኛዋ እትዬ፣ ዕድሜያቸውን በመድረክ ላይ የጨረሱ ሴት፣ በዚያው ሳምንት የንባብ ልምምድ ላይ ስክሪፕቱን አጥፈው «ልጄ፣ እኔ እዚህ ውስጥ በር ከመክፈት ሌላ ምን አደርጋለሁ?» ብለውኝ ነበር። በቁጣ አይደለም የጠየቁት። ለማወቅ ፈልገው ነው። እሱም እዚያው ቁጭ ብሎ ሰምቷል።

ደላላውን የሚጫወተውን ልጅ ብቻውን አናገርሁት። ይፈራል ብዬ ነበር፣ ሰው በሰፊው ያወቀው በዚህ ሥራ ነው። ነገሩ ሌላ ሆነ። «ወንድሜ፣ መንገድ ላይ ሰው ሲያገኘኝ ሰላም እንኳ አይለኝም እኮ፣ "በላት እስቲ!" ነው የሚለኝ» አለ። ለቅሶ ቤት ሄዶ በላት ተብሏል። ደክሞታል። «ዝም የምልበት ትዕይንት ጻፍልኝ» አለኝ። እኔ ይህን ፈጽሞ አልጠበቅሁም። ለጸሐፊዎች የምለው ነገር፣ ተዋናዩን ሳታናግሩ ድርሻውን አትንኩ። ብዙ ጊዜ ከእናንተ ቀድሞ አውቆታል፣ የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነው።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ ጻፍን። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ደላላው ከነጭራሹ ባይፈጠር ይህ ሰው በዚህ ሳምንት ምን ይፈልጋል? እትዬ ቀላል ነበሩ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አገላብጠን ክሱንና ክፍሏን አነሳን። ነርሷ ላይ ብዙ ቀን ተጨናነቅን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዷ ጸሐፊ የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ጠዋት ስትገባ መተኛት ስለማትችል ሰው አወራች፤ ግቢው ውስጥ እንጨት ይፈለጣል፣ ሬዲዮ ይጮኻል፣ ሱቋ ላይ ሰው ይከራከራል። ነርሷ የምትፈልገው እንቅልፍ ሆነ። በቃ፣ እንቅልፍ! ከዚያ ተነስተን የጻፍነው ክፍል ሰው ሆዱን ይዞ የሳቀበት ነው። ደላላው የገባው መጨረሻ አካባቢ ሲሆን፣ የገባውም በሯን አንኳኩቶ «ተኝተሻል?» ለማለት ነው።

ይህን ወደ ደንብ ለወጥነው። ደላላው የድራማውን ክፍል አይጀምርም። ችግሩ የሌላ ሰው ነው የሚሆነው፣ እሱ መጥቶ ያባብሰዋል። ካባባሰው በኋላ ደግሞ ይሸነፋል። የመጨረሻውን ቃል ለሌላ ሰው እንሰጣለን። እንዲህ ስናደርግ ስክሪን ላይ የሚታይበት ጊዜ አጠረ። ግን ሲገባ ሰው ቀና ብሎ ይቀመጥ ጀመር፣ ይህን ቤቴ ከዘመዶቼ ጋር እያየሁ ራሴ ታዝቤዋለሁ።

አንዷን ትዕይንት በቅርበት ላሳያችሁ። የድሮው ረቂቅ ላይ ደላላው ለስፌቷ ክፍል ቀብድ የሚከፍል ተከራይ ይዞ ይመጣል። ገጽ ሙሉ ያወራል። «ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ውሃ ሳይቀጠር የሚመጣ፣ አከራይዋ እናት ናቸው፣ ለአራት ኪሎ ሁለት እርምጃ...» እትዬ በየመሃሉ «ውይ ጉዴ» ይላሉ። «ኮሚሽኔስ?» አለቀ።

አዲሱ ላይ እትዬ ሊያከራዩ ወስነዋል፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ደርሷል። ደላላው ማውራት ሲጀምር አንድ ጨርቅ ወርውረው «በል መጀመሪያ አቧራውን ጥረግ» ይሉታል። እያወራ ይጠርጋል። የሲንጀሯን መኪና ይጠርግና መሳቢያዋን ይከፍታል። ውስጧ አንድ ሱሪ አለ፣ አንዱ እግሩ አጥሯል፣ ሌላው ገና ነው። ደላላው ማውራቱን ያቆማል። ሱሪው የራሱ ነው። ከዓመታት በፊት አሳጥሩልኝ ብሎ ለባልየው ሰጥቷቸው፣ ሒሳብ እንዳይከፍል ሲሸሽ ቆይቶ፣ ከዚያ እሳቸው ሞቱ። እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩታል። ከዚያ ቀስ ብለው «የእሱስ ኮሚሽን?» ይላሉ።

ደላላው ምንም አይመልስም። ኪሱ ይገባል፣ ብሩን ይቆጥራል፣ ልማዱ ነውና አንዷን መልሶ ኪሱ ሊከት ይሞክራል፣ እትዬ ያዩታል፣ ያስቀምጣታል። ተከራዩ ውጭ «ኧረ ቤቱን ልየው» ይላል። እትዬ «ክፍሉ ተይዟል» ይሉታል።

ቀረጻው ላይ ድምፅ የሚቀዳው ልጅ አፉን በእጁ ይዞ ነበር። ያቺን ቃል በእትዬ አፍ ማድረግ ለእኔ ትልቁ ትምህርት ነው። ቃሉ የተወደደው ከሚለው ሰውና ከሚባልበት ሰው መሃል ስላለው ነገር ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን መቼም አናጣውም፤ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩን፣ ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካን አይተን ነው ያደግነው። ከጥንዶቹ አንዱን ብቻውን አቁሙትና ሌላውን አስወጡት፣ ሳቁ ግማሽ እንኳ አይሆንም። አንዱ ሲያስቅ ሌላው ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል እንጂ ኳሱን የሚያቀብለው እሱ ነው።

ቀላል ነበር አልልም። መጀመሪያ የተላለፉት ክፍሎች ሥር ዩቲዩብ ላይ «ደላላው የት ሄደ?» የሚል ኮሜንት ፈሰሰ። ስፖንሰሩ ስልክ ደወለ፣ ማስታወቂያውን የሚሠራለት ደላላው ነውና መብቱ ነው። እኛ የተስማማነው ነገር ቢኖር የምናወጣቸውን ቅንጭቦች መለወጥ ነው። ቀድሞ የሚቆረጠው ደላላው ብቻውን የሚያወራበት ነበር። አሁን ሁለት ሰው የሌለበት ቅንጭብ አናወጣም። ሰው ነርሷንና መምህሩን በስማቸው መጥራት ሲጀምር ስፖንሰሩም ለእነሱ የሚሆን ማስታወቂያ ይዞ መጣ።

«ሰውዬውን ከወደዱት የራሱን ድራማ ለምን አትሠሩለትም?» የሚሉኝም አሉ። ይቻላል። ፍሬዠር የሚባለው ሰው እኮ በ1984 ቺርስ በተባለ የአሜሪካ ሲትኮም ውስጥ እንደ ረዳት ገጸ ባሕርይ ገብቶ በ1993 የራሱን ድራማ አግኝቷል፣ እስከ 2004 ሮጧል። ግን ያደረጉትን ልብ በሉ። ሌላ ከተማ ወሰዱት፣ ጡረታ የወጣ ፖሊስ አባት፣ ከእሱ የባሰ ቅምጥል ወንድም ሰጡት። ለአንድ ሰው ድራማ ለመሥራት አዲስ ቤት ሙሉ ሰው ፈጠሩለት። ደላላችን የራሱን ድራማ ቢያገኝ ደስ ይለኛል፣ ግን መጀመሪያ እናቱን ወይም ሚስቱን አሳዩኝ። በሩን የሚዘጋበት ሰው ያስፈልገዋል።

ሰሞኑን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ሱቋን የምትጠብቀው ልጅ አለች፣ የሚገዛውን ሰው ቀና ብላ ሳታይ «ዝርዝር የለም» የምትል። ሰው እሷን እየወደዳት ነው፣ ኮሜንቱም ስለ እሷ በዝቷል። ፕሮዲዩሰሩ ትዕይንት ጨምሩላት ብሎናል፣ እኛም እንጨምራለን። ግን የቡድኑ ስምምነት አንድ ነው፤ ለእሷ አዲስ ትዕይንት ከመጻፋችን በፊት የሱቋን ባለቤት እንጽፋለን፣ ከእሷ ጋር የማይግባቡ፣ ዝርዝሩን ሁሉ በጣሳ ደብቀው የያዙ አዛውንት። ሐሙስ የንባብ ልምምድ አለን፣ እሳቸውን የሚጫወት ሰው እየፈለግን ነው።